የጽሑፍ ሥራ ዓላማ፣ ደረጃና ዘዴ

በተማሪዎች ዘንድ ጽሑፍ ማለት ያወቁትን ነገር በወረቀት ላይ ማስፈር ብቻ ነው የሚል አሳብ ሥር የሰደደ ይመስላል። ከዚህም የተነሣ ለጥናት የሚቀርቡት ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሌሊት ተጽፈው በማግሥቱ ለመምህሩ የሚሰጡ ናቸው። የዚህ አጭር ሐተታ ዓላማ ይህን ልማድ መመርመርና መተቸት ነው። ስንተችም ተማሪውን ብቻ ሳይሆን ጽሑፉ የሚታረምበትን ሥርዐት ጭምር እንመለከታለን።

ከሁሉ አስቀድሞ የዓላማ ጥያቄ ይመጣል። ጸሐፊ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት «ይህን የምጽፈው ለማን ነው? ስለ ምንስ ነው?» ብሎ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል። ለምሳሌ ያህል እንሰትን እንውሰድ። ዓላማው ማስረዳት ከሆነ ግንዱ እንዴት እንደሚፋቅ፣ ሥሩ እንዴት እንደሚከተከት፣ የተፋቀውም በጉድጓድ ተቀብሮ እስኪብላላ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ቆጮና ቡላም በምን እንደሚለያዩ በየተራው መናገር ያስፈልጋል። ዓላማው ማሳመን ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ዝርዝር አይበቃም፤ እንሰት ድርቅን የሚቋቋም ተክል መሆኑን አስረድቶ፣ ስለዚህ ምን ሊደረግ እንደሚገባ ምክንያቱን ማቅረብ ግድ ይሆናል። ዓላማው መተረክ ከሆነ ደግሞ አንዲት እናት ከማለዳ ጀምራ ስትፍቅ የምትውልበትን ቀን ማሳየት ይበቃ ይሆናል። ነገሩ አንድ ሲሆን ጽሑፉ ሦስት ነው። የብዙዎቹ የጥናት ጽሑፎች ጉድለት እነዚህን ሦስቱን መደባለቃቸው ነው፤ በማስረዳት ይጀምራሉ፤ መካከል ላይ ይሰብካሉ፤ መጨረሻ ላይ ያወድሳሉ። አንባቢውም ምን እንዲያውቅ ወይም ምን እንዲያምን እንደ ተፈለገ ሳይገባው ይቀራል።

ሁለተኛው የደረጃ ነገር ነው። ጽሑፍ በደረጃ የሚሠራ መሆኑን ከውጭ አገር የመማሪያ መጻሕፍት ብቻ የምንማረው የሚመስላቸው አሉ። ነገር ግን የአገራችን ቅኔ ቤት ይህን ትምህርት ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ተማሪው ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ድረስ ቀስ በቀስ ይወጣል። በየደረጃውም ብቻውን ተቀምጦ ይቆጥራል፤ ማለት ቅኔውን በልቡ ያዘጋጃል። ከዚያ በኋላ ወደ መምህሩ ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል፤ ተማሪው የታረመውን ይዞ እንደ ገና ወደ ቆጠራው ይመለሳል። ከዚህ ሥርዐት የምንረዳው ዋና ነገር እርማት የሥራው መካከል እንጂ ፍጻሜው አለመሆኑን ነው።

በዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። መምህሩ ጽሑፉን የሚያየው ካለቀ በኋላ ነው። በቀይ ቀለም የተጻፈው እርማት ከማርክ ጋር ተመልሶ ሲመጣ ተማሪው ማርኩን አይቶ ወረቀቱን ያስቀምጣል። መምህሩ የደከመበት እርማት ምንም ፍሬ ሳያፈራ ይቀራል ማለት ነው። ይህ የተማሪው ስንፍና ብቻ አይደለም፤ የታረመውን መልሶ እንዲጽፍ የሚያስገድደው ሥርዐት ስለሌለ ነው።

ሦስተኛው የዘዴ ነገር ነው። በዚህ ረገድ ከቅኔ ቤት የምንወስደውንና የማንወስደውን መለየት አለብን። ሰምና ወርቅ ለቅኔ ክብሩ ነው፤ ለጥናት ጽሑፍ ግን መሰናክል ይሆናል። አጥኚ የሚያደንቁለትን ሳይሆን የሚረዱለትን መፈለግ አለበት። በአማርኛም እንዲህ ያለ ግልጽ ጽሑፍ እንደሚቻል ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ አሳይተውናል። ደራሲው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው፣ ሀብት ከሥራ እንደሚገኝ፣ ንግድና ገንዘብ ምን እንደ ሆኑ፣ ያን ጊዜ ለአገሩ ቋንቋ እንግዳ የነበረውን ትምህርት ተራ በሆነ አማርኛ ያስረዳል። ሕዝብን በጅምላ ዐዋቂና ያላወቀ ብሎ በመክፈሉ ልንከራከረው እንችላለን። ነገር ግን ልንከራከረው የቻልነው የሚለውን በግልጽ ስላለ ነው፤ ከጭጋግ ጋር ክርክር የለም።

አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን ወደ መጨረሻ የሚያቈይ ቋንቋ ስለ ሆነ፣ ዐረፍተ ነገሩ ሲረዝም አንባቢው ተንጠልጥሎ ይቈያል። ለማስረጃ ያህል በየጽሑፉ የምናየውን ዓይነት እኛው አዘጋጅተን እናቅርብ፦ «እንሰት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ሆኖ ሕዝቡም የሚወደው ሲሆን ሴቶች እየፋቁት የሚቀበር በመሆኑና ለብዙ ጊዜም የማይበላሽ እንደ መሆኑ መጠን ጥቅሙ እጅግ ከፍ ያለ ነው።» ይህ ሲታረም እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «እንሰትን የሚፍቁት ሴቶች ናቸው። የተፋቀው በጉድጓድ ይቀበራል። በዚያም ስለሚብላላ ለብዙ ወራት ሳይበላሽ ይቈያል። ስለዚህ እህል ባነሰበት ወራት ቤተ ሰቡ የሚመገበው አያጣም።» ልዩነቱ በርዝመት ብቻ አይደለም። በመጀመሪያው ላይ «ጥቅሙ ከፍ ያለ ነው» የተባለው ምን ጥቅም እንደ ሆነ አልተነገረም ነበር፤ ዐረፍተ ነገሩ ሲቈራረጥ ግን ጸሐፊው መልሱን ለመፈለግ ተገደደ። እንግዲህ ማረም ቃል ማሳመር ሳይሆን እንደ ገና ማሰብ ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። አንደኛው፣ መጻፍ ተሰጥዎ ነውና በትምህርት አይገኝም የሚል ነው። ተሰጥዎ መኖሩን አንክድም፤ ነገር ግን ቅኔ ቤት ተሰጥዎ ያለውንም የሌለውንም ከጉባኤ ቃና ያስጀምራል። ሁለተኛው የበረታ ነው፦ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ሲሆን የጥናት ጽሑፍ ሃያ ገጽ ነው፤ ብዙ ተማሪ ያለው አንድ መምህር ሁሉን ሁለት ጊዜ ሊያነብ አይችልም ይባላል። እውነት ነው። ይሁን እንጂ በቅኔ ቤትም ሸክሙ ሁሉ በመምህሩ ላይ አይወድቅም፤ ከፍ ያሉት ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን ያስነግራሉ። እኛም የመጀመሪያውን ረቂቅ እርስ በርሳችን ብንነጋገርበት፣ መምህሩ የሚያነበው ሁለተኛውን ይሆናል፤ ድካሙም ይቀልለታል።

ይህን ሁሉ የምንለው ስለ ማርክ አይደለም። በዕረፍት ወራት ወደ የአገራችን ስንሄድ ከሽማግሌዎችና ከባልቴቶች ዘንድ ተቀምጠን እንጠይቃለን፤ እነርሱም ሥራቸውን ትተው ሳይሰለቹ ይነግሩናል። ከእነርሱ ብዙዎቹ የሚያውቁትን የጻፈላቸው ሰው የለም። ነገሩን በጭጋግ ጽፈን ብናስቀምጠው ኋላ የሚመጣው አጥኚ ሊያርመው ቢፈልግ የሚጠይቀው ሰው አያገኝም። ያን ጊዜ የተበላሸው የአንድ ተማሪ ወረቀት ብቻ ሳይሆን የእነርሱም ቃል ነው።

ስለዚህ የምናቀርበው አሳብ አጭር ነው። እያንዳንዱ የጥናት ጽሑፍ በሁለት ጊዜ ይቅረብ፤ በረቂቁ ራስ ላይ ዓላማው በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ረቂቁን ያነበበው ባልንጀራም ያልገባውን ስፍራ ምልክት ያድርግበት። መምህሮቻችንም ማርኩን ለሁለተኛው ጽሑፍ እንዲያቈዩት እንለምናለን። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ከሌሊቱ በፊት መጀመርን ብቻ ነው።