የማንወዳትን ልጅ ማንበብ

«መምህር፣ ይህችን ልጅ ልወዳት አልቻልኩም።» ዲላ ላይ ልቦለድ ሳስተምር ይህን ቅሬታ ደጋግሜ እሰማለሁ። ብዙ ጊዜ የሚነሣባት ኪር ናት። እንግሊዛዊቷ ኤሚሊ ቴሽ በ2023 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው፣ በቀጣዩ ዓመት የሁጎን ሽልማት ያገኘው «ሰም ዴስፐሬት ግሎሪ» የተባለ የጠፈር ልቦለድ ዋና ገፀ ባሕርይ፣ የ17 ዓመት ወታደር። ምድር በባዕዳን ፍጡራን ጠፍታለች። ከጥፋቱ የተረፉ ሰዎች ጌያ በሚባል የጠፈር ጣቢያ ተጠልለው ልጆቻቸውን ለበቀል ያሳድጋሉ። ኪር የዚህ ትምህርት ምርጥ ተማሪ ናት። ጓደኞቿን ታስጨንቃለች፤ ደካማን ትንቃለች፤ ጣቢያውን ጥላ የሄደችውን እህቷን ከሃዲ ትላለች።

ውደዷት አልላቸውም። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ የመረጥኩትን ገጽ ወደ አማርኛ መልሼ አባዛላቸዋለሁ፤ እርሳስ ያነሣሉ። ልጅቱ በዓይኗ ያየችውን በአንድ ዓይነት መስመር፣ ከአለቆቿ የሰማችውን በሌላ ያሰምሩበታል። በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ገጹ በሙሉ ማለት ይቻላል የሰማችው ነው። ክሪሶተሚስ ወደምትባለው ፕላኔት ስትደርስ ግን ሰዎች በሰላም እየኖሩ፣ እህቷም ልጅ እያሳደገች ታገኛቸዋለች። ታያለች፤ ያየችውን ግን ወዲያው በለመደችው ቃል ክህደት ትለዋለች። የንባቡ ሥራ ያለው እዚህ ነው። ዓይኗ አንድ ነገር ይላታል፣ አፏ ሌላ ይናገራል፤ ደራሲዋም በሁለቱ መካከል ቆማ አንባቢዋን ትጠብቃለች። ይህን ክፍተት ያላየ አንባቢ የኪርን ሐሳብ የቴሽ ሐሳብ አድርጎ ይወስደውና መጽሐፉን ይዘጋል።

ክፍተቱን ያገኘ ተማሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ሌላው ጫፍ ይሮጣል። «ምን ታድርግ፣ ተሰብካ ነው ያደገች» ይላል። ይህንንም አልቀበልም። መንትያ ወንድሟ ማግነስ በዚያው ጣቢያ፣ በዚያው ትምህርት ነው ያደገው፤ ከእሷ የበለጠ ጠንካራ ተዋጊም ነው፤ መግደልን ግን ልቡ አልወደደውም። ደራሲዋ መንታ ያደረገቻቸው በከንቱ አይመስለኝም። ስብከት ብዙ ነገር ያስረዳል፤ ሰውየውን ከተጠያቂነት ግን አያወጣውም።

ከኪር ወደ በዓሉ ግርማ ልቦለድ ወደ «ኦሮማይ» ስንሻገር እርሳሱ ይከብዳል። ዋናው ገፀ ባሕርይ ፀጋዬ ኃይለማርያም በተዘጋ ጣቢያ ያደገ ልጅ አይደለም። ጋዜጠኛ ነው፤ የቀይ ኮከብን ዘመቻ ፕሮፓጋንዳ ሊመራ አሥመራ የወረደ፣ ዓለም ያየ አዋቂ ሰው። ታሪኩን የሚነግረንም ራሱ ነው፤ ጨዋታ ያውቃል። ከተማሪዎቼ ገሚሱ ይወደዋል፤ ገሚሱ አዲስ አበባ ትቷት በመጣት እጮኛው በሮማን ላይ በሠራው ይጠላዋል። መስመር ስናሰምር ግን ሁለቱም ይቸገራሉ፤ ለሕዝብ የሚነገረውን የሚያዘጋጀው እሱ ራሱ ነውና። የሚጠረጥረውን ነገር በድምፁ ያሳምራል። በእኔ ፍርድ ፀጋዬ ከኪር የከፋ ነው፤ እንዳያውቅ የከለከለው አልነበረም። እንዲህ ያለውን ሰው ከውስጡ ለመጻፍ የቻለው ደግሞ ሥራውን የሚያውቅ ደራሲ ነው። በዓሉ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ነበር፤ በዘመቻውም ተሳትፏል። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙ ሳይቆይ ታገደ፤ እሱም ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም።

ይህን ንባብ እዚህ ዲላ የምሠራበት ምክንያት አለኝ። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቀሉ፤ የሚበዙት ጌዴኦዎች ነበሩ፤ ከጉጂም ቤቱን ጥሎ የሸሸ አለ። ጌዴብና ይርጋ ጨፌ በተፈናቃይ ሲሞሉ ያየ ልጅ ዛሬ ክፍሌ ውስጥ ተቀምጧል፤ ከጎኑ የተቀመጠው ደግሞ ስለዚያው ወራት ከቤተሰቡ ሌላ ታሪክ ሲሰማ ያደገ ነው። ሁለቱም ስለ ጎረቤታቸው በዓይናቸው ያዩት አለ፤ የተነገራቸውም አለ። ስለዚያ በቀጥታ ብጠይቃቸው ክፍሉ ዝም ይላል። ስለ ኪር ስጠይቃቸው ግን ይናገራሉ፤ ይከራከራሉ፤ ከገጹ ላይ ማስረጃ ያመጣሉ።

የሁለቱ ሕዝቦች አባቶች የእውነትን ዋጋ ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። በትውፊታቸው ወንድማማቾች ናቸው። ደም ሲፈስ በሚታረቁበት የጎንዶሮ ሥርዓትም እውነቱ ሳይነገር እርቅ አይወርድም። ልቦለድ የዚያን ሥርዓት ቦታ ሊተካ አይችልም፤ አንድ ወጣት «ይህን አይቻለሁ፣ ይህን ግን ሰምቼ ነው» ብሎ ለመለየት እንዲለማመድ ግን ይረዳዋል።

ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ ያላችሁ የቋንቋ መምህራን፣ ለልጆቹ የሚወደድ ጀግና ብቻ አትምረጡላቸው። «ኦሮማይ»ን አስነብቧቸው። ፀጋዬን ቢጠሉት አትከልክሏቸው፤ የጠሉበትን ምክንያት ግን ገጹን ገልጠው ያሳዩዋችሁ።