የግራው ገጽ እና የቀኙ ገጽ

ለጎልማሶች እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው መጽሐፍ ሲመርጥ መጀመሪያ ማውጫውን ያያል። እኔ ከመሃል ገልጬ ነው የማየው። የሬይመንድ መርፊ «ኢንግሊሽ ግራመር ኢን ዩዝ» ዩኒቶቹ የትም ቢገለጡ መልካቸው አንድ ነው፤ በግራ ገጽ ማብራሪያ፣ በቀኝ ገጽ መልመጃ። ማብራሪያው ወደ ቀኝ አይሻገርም፤ መልመጃውም ገጽ አያስገለብጥም። ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ መጽሐፉን መጀመሪያ ያሳተመው በ1985 እ.ኤ.አ. ነው። በ2019 የወጣው አምስተኛ እትም 145 ዩኒቶች አሉት፤ ሁሉም በዚሁ ልክ የተቆረጡ ናቸው።

ቀላል ይመስላል። ስለ ፕረዘንት ፐርፌክት የምታውቀውን በአንድ ገጽ ጻፍ የተባለ መምህር ግን የቱን ይዞ የቱን እንደሚጥል ይጨንቀዋል። መርፊ መጣል ያውቅበታል። ገጹን የሚከፍተው ቁልፉን ፈልጎ ባጣ ሰው ሥዕል ነው። ከሥር ሁለት ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች አሉ፤ የግሱ ቅርጽ በሳጥን ተከቦ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ቁልፉ መቼ ጠፋ የሚል ጥያቄ አይነሳም። ጉዳዩ ሰውየው አሁንም ባዶ እጁን መቆሙ ነው። ተማሪው ደንቡ ጋ ሲደርስ ነገሩ አስቀድሞ ገብቶታል፤ ደንቡን የሚያነበው ለማረጋገጫ ያህል ነው።

ከሁሉ ይልቅ የማደንቀው «ዘ» የተባለችውን ትንሽ ቃል የያዘበትን መንገድ ነው። አማርኛ ተናጋሪ አንዴ ያለ ቦታዋ ይሰካታል፣ አንዴ ይረሳታል። በአንዱ ገጽ ላይ የአሥር ዓመት ልጅ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ለመማር ነውና «ዘ» አያስፈልጋትም። እናቷ መምህሯን ለማነጋገር እዚያው ግቢ ስትገባ ግን «ዘ» ትጨመራለች። እስር ቤትም ሆስፒታልም እንዲሁ ነው፦ እስረኛውና ታማሚው ያለ «ዘ»፣ ጠያቂዎቻቸው ከነ«ዘ»። በረጅም ንግግር ብዙ ጊዜ የሚድበሰበስ ነገር እዚህ በአንድ ልጅና በአንዲት እናት አለቀ። ሠርቶ የሚያድር፣ ልጅ የሚያስተምር፣ የታመመ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ራሱን እዚያ ገጽ ላይ ያገኛል። ብዙ የጎልማሳ መማሪያዎች ግን የሕፃን ሥዕልና የሕፃን ታሪክ እያቀረቡ አንባቢያቸውን ያሳፍሩታል።

የቀኙ ገጽ ሥራ እንዲያው ሲያዩት አይታይም። የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልሱ ተሞልቶ ይቀርባል፤ መመሪያውን በደንብ ያልተረዳ ተማሪ ምን እንደተጠየቀ ከዚያ ያያል። ከተሰጡት ቃላት መምረጥ ይቀድማል፤ ወደ ታች ሲወረድ ተማሪው ዓረፍተ ነገሩን ራሱ ወደመጻፍ ያዘነብላል። የሚምታቱ ጊዜያት ለየብቻ ከተሠሩ በኋላ ፊት ለፊት የሚጋጠሙባቸው ዩኒቶችም አሉ። አንደኛው ዩኒት አሁን እየተደረገ ስላለ ነገር፣ ሁለተኛው ስለ ዘወትር ነገር ነው፤ ሦስተኛውና አራተኛው ሁለቱን ያስተያያሉ። ከኋላ ያለው የጥናት መምሪያ ደግሞ ተማሪውን አስመርጦ የሳተበትን ዩኒት ቁጥር ይጠቁመዋል። ከሥራ ደክሞት የመጣ ሰው የሚያውቀውን እንደገና ከሀ አይጀምርም።

ጉድለት የለበትም አልልም። ዓረፍተ ነገሮቹ እርስ በርስ አይተዋወቁም፤ ጨዋታ የለም፣ ክርክር የለም። በዚህ መጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው ባዶ ቦታ ሲሞላ አንደኛ ሆኖ መድኃኒት ቤት ሲደርስ አፉ ሊያያዝ ይችላል። ስለዚህ የማዳመጫና የመነጋገሪያ መጽሐፍ ከጎኑ እጨምራለሁ።

ምርጫው ላይ ጥቂት ልጨምር። ይህ ሰማያዊ ሽፋን ያለው መጽሐፍ መካከለኛ ደረጃ ላይ ለደረሰ ነው፤ ለጀማሪ በ1990 የወጣው የዚሁ ደራሲ ቀዩ «ኢሴንሻል» አለ። መልስ ያለውና የሌለው እትም ለየብቻ ይሸጣል። አንዳንድ መምህራን ተማሪው እንዳይገለብጥ ብለው የሌለውን ያዛሉ፤ እኔ ሌሊት ብቻውን ለሚያጠና ጎልማሳ መልስ መንፈግ አይታየኝም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለ ዘመድ የሚገዛ ሰው ደግሞ የአሜሪካውን እትም ይፈልግ። እንግሊዛዊው ገና አሁን በልቻለሁ ለማለት ፕረዘንት ፐርፌክትን ሲመርጥ አሜሪካዊው ብዙ ጊዜ በተራው የኃላፊ ጊዜ ያልፈዋል፤ የእንግሊዙ እትም ይህን ልዩነት የሚያነሳው ከኋላ በአባሪ ነው።