ብራንዳይስ፣ ገመና እና የብራውዘራችን ቁልፍ

ሐዴራ ውስጥ ክፋር ብራንዳይስ የምትኖሩ፣ ሰፈራችሁ በማን ስም እንደተጠራ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ሉዊስ ብራንዳይስ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1890፣ ገና ጠበቃ ሳለ፣ ከሳሙኤል ዋረን ጋር ሆኖ የሰው የግል ሕይወት በሕግ ሊከበር ይገባል ብሎ ጻፈ። በ1928 ደግሞ ፖሊስ ከቤት ውጭ ያለውን የስልክ ሽቦ ጠልፎ ቢያዳምጥ ሕገ መንግሥቱን አልጣሰም ተብሎ በድምፅ ብልጫ ሲፈረድ፣ እሱ ተቃወመ። አንድ ቀን መሳቢያ ሳይከፈት የሰው ወረቀት የሚነበብበት ዘዴ ይመጣል ብሎም አስጠነቀቀ። መጣም።

የዛሬው ትችቴ በብራውዘር (እኛ ዳፍዴፋን በምንለው) ሃግዳሮት ውስጥ ስላለች አንዲት ምርጫ ነው። ፋየርፎክስ ከ2020፣ ክሮም ከ2021 ጀምሮ ያልተመሰጠረ ገጽ ሲያጋጥማቸው ቆም ብለው «ልግባ ወይስ ይቅር?» የሚሉበት ምርጫ አላቸው። ሲበራ በስልካችሁና በገጹ መሃል ያለ ሰው የምታነቡትን አያይም። የትኛው ድረ ገጽ እንደገባችሁ ግን ሊያውቅ ይችላል። ለዚያ ዲኤንኤስን የሚመሰጥር ሌላ ምርጫ አለ፤ እሱም ቢሆን ሙሉ መጋረጃ አይደለም።

ጥቅሟን አልክድም። በ2023 የግብፁ ፖለቲከኛ አሕመድ ጣንጣዊ ያልተመሰጠሩ ገጾችን ሲከፍት፣ ስልኩ በስውር ፕሬዳተር ወደሚባለው የስለላ ፕሮግራም ይመራ እንደነበር የቶሮንቶው ሲቲዝን ላብ አጋልጧል። በዚህ ዓይነቱ በር ላይ ምርጫዋ ትቆማለች።

የሚያናድደኝ ስሟ ነው። በአማርኛው ክሮም የምትገኘው «ግላዊነት እና ደህንነት» ከሚል ርዕስ ሥር ነው። እስቲ ለእናታችሁ አንብቡላት! ግላዊነት ሲሏት ራስ ወዳድነት ይመስላታል። ደህንነት ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ላደገ ሰው የሚከታተልህ መሥሪያ ቤት ነው፤ «እሱ እኮ ደህንነት ነው» ከተባለ ወሬ ይቆማል። ገመና የሚል የሞላ ቃል እያለን ተርጓሚዎቹ ለምን እንዳለፉት አይገባኝም። ገመና ሰው የሚሸፍነው፣ ዘመድም የሚሸፍንለት ነገር ነው።

ሁለተኛው ጥፋት ከቃል ይብሳል። ለዓመታት የቁልፏን ምልክት ያየ ሰው «ገጹ ታማኝ ነው» ብሎ አመነ። ቁልፏ የምትለው መንገዱ ተዘግቷል ነው፤ ወዲያ ማዶ ማን እንዳለ አትናገርም። ሌባም ቤቱን ይቆልፋል። ክሮም ራሱ ሰው በተሳሳተ መንገድ ስለሚረዳት በ2023 አነሳት።

ለእኛ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2017 ሲቲዝን ላብ ባወጣው ዘገባ፣ ውጭ አገር ያሉ የኢትዮጵያ ተቃዋሚዎች፣ ጃዋር መሐመድን ጨምሮ፣ ኢሜል ይደርሳቸው ነበር። ሊንኩን ሲከፍቱ ቪዲዮውን ለማየት «ፍላሽ አዘምኑ» ይላቸዋል፤ የሚወርደው ግን ሰላይ ነው። የሠራው ሳይበርቢት ነው፤ ያኔ የኤልቢት ቅርንጫፍ የነበረ፣ የእስራኤል ድርጅት። እዚህ ተሠርቶ ወላጆቻችን የወጡበት አገር ተሸጠ! በገዛ እጅህ አውርደህ ለምታስገባው ፕሮግራም የተመሰጠረ መንገድ ምን ያደርግልሃል?

በዚያው በኢትዮጵያ በ2014 የዞን 9 ጦማርያን ሲከሰሱ፣ መልእክት መመስጠርን መማራቸው ክሱ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ ታሰሩ። ስለዚህ «የምደብቀው ምን አለኝ?» የምትለውን ፈሊጥ የምትወዱ ካላችሁ፣ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ያለው አክስታችሁ በሌላኛው ጫፍ መኖሩን አትርሱ።

የአባትና የእናታችሁን ስልክ የምታስተካክሉት እናንተ ናችሁ። ምርጫዋን አብሩላቸው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ግን «አባዬ፣ አሁን ምንም አትሆንም» አትበሉ። «አውርድ፣ አዘምን» የሚል ሊንክ ከዘመድ እንኳ ቢመጣ፣ ሳይነካ መጀመሪያ ለእናንተ ይደውል።