የሃርድቶፑ ሆድ ዕቃ እና የኋላው ወንበር

ብቸና ወይም ሞጣ ላይ «ላንድክሩዘር» ሲባል ቶሎ ዓይን ላይ የሚመጣው ረጅሙ ሃርድቶፕ ነው፤ ፋብሪካው 78 ብሎ የሚጠራው። ግንባሩ ቀጥ ያለ፣ የጎን መስኮቱ ተንሸራታች፣ የኋላ በሩ ሁለት ቅጠል። ጤና ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ አምቡላንስ ሆኖ ይቆማል፤ በጥር ሙሽራና አጃቢ ይጭናል፤ ለቅሶ ደራሽም ክትባትም ያመላልሳል። ከኋላ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች አሉት፤ አንዳንዱ ላይ መሐል ላይ ወደ ፊት የሚያይ ወንበር ይጨመርና ሦስት ረድፍ ይሆናል። ቤተሰብ ከነጓዙ የሚጭን መኪና ማለት በዚህ አገር ይኸው ነው። በሚገባ ላየው የፈለግሁትም ለዚህ ነው፤ ማየት የምጀምረውም ከሥር ነው።

ከሥሩ ሲገቡ መጀመሪያ የሚታየው ሻንሲው ነው፤ ከፊት እስከ ኋላ የሚዘልቁ ሁለት ወፋፍራም ብረቶች፣ በመካከላቸው አግዳሚዎች። አካሉ እላዩ ላይ በጎማ ትራስና በቡሎን ተቀምጧል። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ በአንድ እግሩ ሲገባ የሚጠማዘዘውን ሻንሲው ይቀበለዋል፤ በሮቹ ግን ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ቶዮታ ይህ 78 የሚመደብበትን የ70 ዘር እ.ኤ.አ. በ1984 ሲያወጣ ከ1960 ጀምሮ የነበረውን የ40 ዘር እንዲተካ ነበር። ከዚያ ወዲህ በቁጥብነት ነው የቀየረው። በ1999 የፊቱን ባሌስትራ በሞላ ተካ፤ የኋላውን ባሌስትራ ግን ተወው። ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ ፊት መሪ ይዞራል፣ ስለዚህ ልስላሴ ይፈልጋል፤ ኋላ ሸክም አለ፣ ስለዚህ ጥንካሬ ይፈልጋል። ለእህል ጆንያ ትክክል የሆነ ሐሳብ ነው። ለሰው ጀርባስ ትክክል ነው ወይ የሚለውን ኋላ እመለስበታለሁ።

ኮፈኑ ሲነሣ የሚታየው በዙሪያው ብዙ ክፍት ቦታ ያለው ሞተር ነው። ዋን ኤችዜድ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የተሠራ፣ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር፣ ቱርቦ የለው፣ የሚያዘው ኮምፒውተር የለው። ናፍጣው በሜካኒካል ፖምፓ ተገፍቶ ከሲሊንደሩ በፊት ባለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ይቀጣጠልና ወደ ዋናው ይፈስሳል። ይህ አሠራር ከዘመኑ ሞተሮች ይልቅ ብዙ ናፍጣ ይጠጣል፤ በምትኩ ከበርሜል የተቀዳ፣ አቧራና ውሃ የነካው ናፍጣ ሲያጋጥመው ከዘመናዊው ኢኒየቶሪ እጅግ የተሻለ ይታገሣል። በርሜል ናፍጣ የሚቀዳበት አገር ላይ ይህ የምሕንድስና ደግነት ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙዎቹ ላይ እያንዳንዳቸው 90 ሊትር የሚይዙ ሁለት ታንከሮች አሉ። በ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር ቢጠጣ እንኳ 180 ሊትሩ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬደዋል፤ ከሞጣ አዲስ አበባ ደርሶ ለመመለስ ከበቂ በላይ ነው። ማደያው ናፍጣ የለኝም ባለበት ሳምንት ይህ ቁጥር በሽተኛ ደረሰ ወይም አልደረሰም ማለት ነው።

ድካሙም እዚሁ ሞተር ላይ ነው። ብቸናና ሞጣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጠዋል፤ እዚያ አየሩ ከባሕር ጠረፉ ሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ ያለው ሞተር የሳሳውን አየር ጨቁኖ ያስገባል፤ ይህኛው የሚተነፍሰውን ብቻ ነው የሚተነፍሰው። በወረቀት ላይ 130 ያህል የሆነው የፈረስ ጉልበት ከፍታው ላይ ወደ መቶው ይጠጋል። ሰውና ጓዝ ጭኖ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጣ በሁለተኛ ማርሽ እየጎተተ፣ ጥቁር ጭስ እየለቀቀ፣ ከጭነት መኪናዎች ኋላ ተሰልፎ ይወጣል። ቀርፋፋ ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ግን የሚሰበር ቱርቦ የለውም፣ የሚቃጠል ሴንሰር የለውም፤ ይህ በቀርፋፋነት ከተገዛ ተገቢ ዋጋ እለዋለሁ።

ከዋናው መንገድ ገንጠል ሲሉ የመኪናው ሌላ ክህሎት ይታያል። ከጮቄ ሥር እስከ ዓባይ ገደል አፋፍ፣ ሙጋና ሱሃ የሚያቋርጡት ያ የጤፍ አገር ብዙው ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ያብጣል፣ ይጣበቃል፣ ጎማ ላይ ተለንቁጦ ጎማውን ክብ ኳስ ያደርገዋል። በሃርድቶፑ ጎማና ፓራፋንጎ መካከል የተተወው ሰፊ ክፍተት እዚህ ትርጉም ያገኛል፤ ዝቅ ያለ መኪና ቢሆን ጭቃው እዚያው ተሰንቅሮ ጎማውን ያስረው ነበር። ፋብሪካው ያሰረለት 7.50 በ16 ጎማ ጠባብና ረጅም ነው። ጠባብነቱ ሥሱን ጭቃ ሰንጥቆ ጠንካራው መሬት ላይ እንዲደርስ ነው። ጥልቁ ዋልካ ግን መድረሻ የለውም፤ እዚያ ጎማው እየቆፈረ ይወርዳል፣ ሻንሲው መሬት ላይ ይተኛል፣ ማንም ፎርዊል አያወጣውም፤ ድንጋይና ቅጠል ይለቀምለታል። ጎበዝ ሾፌር ጭቃው ከመምጣቱ በፊት ወርዶ የፊት ጎማውን ሞዞ በእጁ አዙሮ ይቆልፋል፣ ከባዱን ማርሽ ያስገባል፣ ከዚያ በአንድ ዓይነት ጋዝ፣ ሳይቸኩልም ሳይቆምም ይሻገራል። ሞተሩ ገና በዝቅተኛ ዙር ላይ ሳለ ጥሩ የመጎተት ኃይል ስለሚሰጥ እግር ሳይጨምሩ በራሱ ይራመዳል። ይህን ስሜት የሞከረው ሾፌር ሌላ መኪና ላይ አያገኘውም።

ይበልጥ የማደንቀው ግን ለመካኒኩ የተደረገውን ጥንቃቄ ነው። 10፣ 12፣ 14፣ 17፣ 19 ቁጥር ቁልፎች ያለው ሰው የዚህን መኪና አብዛኛውን አካል ይፈታል። ቡሎኖቹ እጅ የሚደርስበት ቦታ ላይ ናቸው፤ የዘይት ፊልትሮውን ለማውጣት ሌላ ነገር መፍታት አያሻም። የጎን መስታወቶቹ ለጥ ያሉ ናቸው፣ በጎማ ክፈፍ ተይዘዋል፤ ድንጋይ ቢሰብረው መስታወት ቆራጭ ልኩን ወስዶ ይቆርጥለታል። የኋላ በሩ ማጠፊያ ውጭ ላይ ነው፤ በሩ ሲዘም ቡሎኑን ላላ አድርጎ መልሶ ማቃናት ይቻላል። ከጣሪያው ዳር ዙሪያውን የዝናብ አሸንዳ አለ፤ ፖርቶ መጋላው እሱን ነክሶ ስለሚቆም ጣሪያው አይበሳም፣ ስለማይበሳም በቀዳዳ በኩል አይዝግም። እነዚህ ሁሉ ለዓይን ያረጁ ቅርጾች ናቸው። የሠራቸው መሐንዲስ ግን ከፋብሪካው እጅግ የራቀውን፣ መለዋወጫ በአውቶቡስ የሚላክለትን፣ ብረት አልጋ ላይ በጀርባው ተኝቶ የሚሠራውን ሰው አስቦታል።

ዳሽቦርዱ ላይ «ቲ-ቤልት» የሚል መብራት አለ። የታይሚንግ ቺንጋው ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር በልክ ያስኬዳል፤ በመንገድ ላይ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ቴስታታው ይወርዳል። ቺንጋ ሲደክም ድምፅ አይሰጥም። ስለዚህ መብራቱ የተጓዘውን ኪሎ ሜትር ቆጥሮ ጊዜው ሲደርስ ይበራል። ይህች አንዲት አምፑል ስንት ሞተር አድናለች! ያገለገለ ሃርድቶፕ የሚገዛ ሰው ቁልፉን ከፍቶ መብራቷ መሥራቷን ይይ፤ ሻጭ እንዳትበራ አውጥቷት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ዝቅ ብሎ የፊት ጎማውን ከውስጥ በኩል ይመልከት። መሪ የሚዞርበት ክብ ብረት ዙሪያ ያለው ጎሚኒ በጭቃና በአቧራ ይበላል፤ ግሪስና ዘይት ተቀላቅሎ ጎማው ላይ የሚንጠባጠብ ከሆነ ኩሽኔታዎቹም ሊሄዱ ነው። ይህ የመኪናው የታወቀ ድካም ነው፤ በየጊዜው ካልተፈታና ካልታጠበ አይምርም።

አሁን ወደ ኋላው ወንበር። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2000ዎቹ ዓ.ም. ለወረዳዎች ካከፋፈላቸው አምቡላንሶች ብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት ናቸው። ምጥ የያዛት ሴት ከቆላው ቀበሌ ወደ ሞጣ ሆስፒታል የምትመጣው በዚህ ነው። ባሌስትራው የተሠራው ለሙሉ ሸክም ነው፤ ሙሉ ሲሆን ጎንበስ ብሎ ይለዝባል፣ አንዲት ሴትና ሁለት አስታማሚ ብቻ ሲጫኑ ግን አይታጠፍም። እያንዳንዱን ድንጋይ ሳይቀንስ ወደ ላይ ያሳልፋል። ሾፌሩ ዞር ብሎ «እማማ፣ ይችን ብረት ጠበቅ አርገው ይያዙልኝ፤ ልጅቷንም ደገፍ ያድርጓት» ይላል። ከኋላ ያለው መደገፊያ ያች ብረት ብቻ ናት። ለሸክም ሲባል ባሌስትራ የተጨመረበት መኪና አምቡላንስ ሲሆን ነገሩ ይብሳል፤ ቢቻል የተጨመረውን አውጥቶ የደከመውን ካንዴላቢሮ መቀየር ይሻላል።

የጎን አግዳሚው ሌላ ጉዳይ ነው። ጎኑን ወደ መንገዱ ሰጥቶ የተቀመጠ ሰው ፍሬን ሲያዝ የሚይዘው የለም፤ ወገቡ ይጠማዘዛል፣ ጭንቅላቱ የጎረቤቱን ይመታል። በብዙዎቹ ላይ ቀበቶ የለም፤ ካለም ወገብ ብቻ የሚይዝ ነው። ጣሪያው ላይ ጭነት ሲጨመር መኪናው ላዩ ይከብዳል፣ በፍጥነት ጥምዝ ላይ ሲገባ ሊገለበጥ ይችላል። ያን ጊዜ በአግዳሚው ላይ ያሉት ሰዎች ከነብረቱ ይንከባለላሉ።

ፕራዶ በዚህ ይሻላል። ሦስቱም ረድፍ ወደ ፊት ያያል፣ የኋላውም ሞላ ነው፣ ቀበቶም አለው። ሦስተኛው ረድፉ ግን ለልጅ ነው፤ ከሥሩ ሻንሲውና ወደ ላይ የሚንቀሳቀሰው የኋላ አክሰል ስላሉ ወለሉ ከፍ ብሏል፣ የጎልማሳ ጉልበት ወደ ደረት ይቀርባል። የፊት ጎማዎቹም እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ አስፋልት ላይ ያምራሉ፤ ዋልካና ድንጋይ ግን የሚበላቸው መጋጠሚያ በዝቷል። ከደብረ ወርቅ ወደ ገጠር ለሚወርድ ቤተሰብ የትኛው ይመረጥ ብባል፣ መንገዱ ለክረምት ከሆነ ሃርድቶፑን እላለሁ፤ ወንበሩ ከተቀየረ ግን።

መቀየር እንደሚቻል ፋብሪካው ራሱ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ቶዮታ ለአውስትራሊያ የ70ውን ባለ አንድ ጋቢና ፒክአፕ ሻንሲውን አጠናክሮ፣ ኤርባግ ጨምሮ በአደጋ ፍተሻ አምስት ኮከብ እንዲያገኝ አደረገ፤ የማዕድን ኩባንያዎች ያለዚያ አንገዛም ስላሉ። ሰው የሚጭነው ረጅሙ ሃርድቶፕ ግን ያን ማሻሻያ አላገኘም። እጅ አልጠፋም ማለት ነው፤ የጠፋው የኋላ ተቀማጩን ወክሎ የሚጠይቅ ገዢ ነው።

በኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያሉት መኪናዎች ረጅም ዕድሜ ሊጠበቅባቸው ነው፤ ጥያቄውም ወደ ጋራዥ ወርዷል። አግዳሚውን ነቅሎ ወደ ፊት የሚያይ ወንበር መግጠም የማይከብድ ሥራ ነው፤ አገጣጠሙ ግን ይለያያል። ወንበሩ የወለሉን ቆርቆሮ ብቻ በስቶ ከታሰረ፣ አደጋ ሲመጣ ቡሎኑ ቆርቆሮውን ቀድዶ ከነሰውየው ይወጣል። ከወለሉ ሥር ሰፊና ወፍራም ብረት ተደርጎ፣ ቡሎኑ በእሱ አልፎ፣ የቀበቶው መልህቅም ከሻንሲው ጋር በተያያዘ አግዳሚ ላይ መታሰር አለበት። ባለቤቱ ሥራውን ሲረከብ ወንበሩን ከላይ መነቅነቁ አይበቃውም፤ ከሥር ገብቶ ያን ብረት በእጁ ይዳስሰው።