ዋሻው የሚከፈትበት ሰዓት

በፋንግ ንጋ ሰላጤ የአንድ ቀን የጀልባ ጉዞ የሚያሰናዳ ሰው ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው ጨረቃ ስንት ቀኗ እንደሆነ ነው። ዋጋው፣ ምሳው፣ ከሆቴል የሚያመላልሰው መኪና ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ጨረቃዋን ሳያይ ቀን የቆረጠ አዘጋጅ እንግዶቹን እስከ ዋሻው አፍ ያደርስና፣ ውሃ የዋጠውን ድንጋይ አሳይቷቸው ይመለሳል።

ሰላጤው ያለው በደቡብ ታይላንድ፣ በፉኬት ደሴትና በዋናው ምድር መካከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ብሔራዊ ፓርክ የተደረገው ክፍል 400 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ አብዛኛው ውሃ ሲሆን ከውሃው መሐል ቀጥ ብለው የወጡ የኖራ ድንጋይ ደሴቶች ሞልተውበታል። ወደዚያ የምሄደው ከአዲስ አበባ ትንንሽ ቡድኖችን ይዤ ነው። ብዙዎቹ ለንግድ ወይም ለሕክምና ባንኮክ ተመላልሰው፣ አንድ ቀን “እስቲ ደግሞ ባሕሩን እንየው” ያሉ ሰዎች ናቸው። አንዳንዴ ከአሜሪካና ከአውሮፓ የመጡ ዘመዶቻቸው ይቀላቀሏቸዋል። በታይላንድ ሕግ አስጎብኚነት ለአገሩ ዜጎች ብቻ የተተወ ሙያ ስለሆነ፣ ደሴቶቹን የሚያስጎበኘን ፈቃድ ያለው ታይላንዳዊ ነው። ለእኔ የሚቀረኝ ቀኑን መምረጥ፣ ጀልባውን መምረጥ፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም ከካፒቴኑ ጋር መስማማት፣ የፈራውን ማረጋጋትና ስለ ምሳ መጨቃጨቅ ነው። ከውጭ ለሚያየው ሥራ አይመስልም።

ነገሩ የሚጀምረው ከድንጋዩ ነው። ይህ የኖራ ድንጋይ ከ250 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ዕድሜ ያለው፣ በጥንት ባሕር ወለል ላይ የተጠራቀመ ነው። የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ጥቂት አሲድነት ያገኛል፤ በስንጥቆች እየሰረገ ድንጋዩን ቀስ እያለ ያሟሟዋል። ባሌ ሄዶ የወይብ ወንዝ ያበጀውን የሶፍ ዑመርን ዋሻ ያየ ሰው ይህን ሥራ ያውቀዋል። ፋንግ ንጋ ላይ የሚለየው የአንዳንዱ ዋሻ ጣሪያ መደርመሱ ነው። በደሴቱ ሆድ ውስጥ ለሰማይ የተከፈተ፣ ዙሪያውን በገደል የታጠረ ክፍል ቀርቷል። አገሬው ሆንግ ይለዋል። ወለሉ የባሕር ውሃ ነው፤ ማንግሮቭ ይበቅልበታል፣ በጭቃው ላይ በክንፉ እየዘለለ የሚሄድ ዓሣ ይታይበታል፣ ሸርጣን ለቃሚ ጦጣዎች ከገደሉ ይወርዱበታል። ገደሉን ወጥቶ መግባት አይታሰብም። በሩ በደሴቱ ግርጌ፣ በውሃው ልክ ያለ ጨለማ መተላለፊያ ነው።

ያ በር ደግሞ ሰዓት አለው። ሐይቅ ላይ ያደገ ጀልበኛ ይህ ችግር የለበትም፤ ጣና፣ ሐዋሳ፣ ጫሞ ጠዋት ትቷቸው የሄደበት ቦታ ላይ ማታም ይጠብቁታል። የአንዳማን ባሕር ግን በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ይፈጃልና፣ በየቀኑ ሰዓቱ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል። ዛሬ ረፋድ ላይ በሙላት ያገኘሁት መተላለፊያ፣ በሳምንቱ በዚያው ሰዓት ውሃው የሸሸበት ጭቃ ሊሆን ይችላል። ጨረቃ ስትወለድና ስትሞላ፣ ወይም አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ፣ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ2 ሜትር ያልፋል፤ በግማሽ ጨረቃ ሰሞን ይጠባል። ስለዚህ አበቅቴ መቁጠር የሚችል ቄስ ወይም የሂጅራውን ቀን የያዘ ሰው ከቡድኑ ካለ፣ የባሕሩን ጠባይ ከአዲስ አበባ ሳንነሳ በግምት ሊነግረኝ ይችላል። በወሩ 15ኛ ቀን አካባቢ ውሃው ብዙ ይጓዛል፤ በ8ኛው አካባቢ ይሰንፋል።

ትልቁ ጣጣ ፍጥነቱ ነው። ከጉድለት እስከ ሙላት ባሉት ስድስት ሰዓታት ውሃው በእኩል አይነሳም። ባሕረኞች በጣታቸው የሚያሰሉት ዘዴ አለ፤ ልዩነቱን 12 ቦታ ይከፍሉታል። በመጀመሪያው ሰዓት አንድ እጅ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስት፣ በአምስተኛው ሁለት፣ በስድስተኛው አንድ እጅ ይነሳል። ልዩነቱ 2.4 ሜትር በሆነበት ቀን፣ በመካከለኞቹ ሰዓታት ውሃው በየሰዓቱ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል ማለት ነው። አንዳንዱ መተላለፊያ ላይ ከታንኳው ጠርዝ እስከ ጣሪያው ያለው ክፍተት ያንን ያህል እንኳ አይሆንም። ታንኳዎቹ በአየር የሚነፉ ስለሆኑ ቀዛፊዎቹ ጣሪያው ሲወርድባቸው ጥቂት አየር ለቀው ያሳንሷቸዋል፤ እንግዳው በጀርባው ተኝቶ አፍንጫው ድንጋዩን ሊነካ ሲል ያልፋል። ውሃው ሲበዛ ቀዳዳው ይዘጋል። ውሃው ሲያንስ ደግሞ ታንኳው ድንጋይና ጭቃ ላይ ይቀመጣል። የሚሠራው ጊዜ በሁለቱ መካከል ያለው ነው፤ እንደ ዋሻው ይለያያል፣ የአንዱን ሰዓት ለሌላው መገመት አይቻልም።

(የሰዓት ነገር ከተነሳ፦ በድሮው የታይላንድ አቆጣጠር ከንጋቱ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሰዓት እንደኛው አንድ ሰዓት ነው፤ ፈረንጅ 8 የሚለውን ጠዋት ሁለት ይሉታል፣ ከመሸም እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ። የዛሬ ወጣቶች ጠዋቱን በአብዛኛው በፈረንጁ ይቆጥራሉ። እኔ ግን ከሸመገሉ ጀልበኞች ጋር ቀጠሮ ስይዝ ጣቴን አውጥቼ ሁለት ካሳየሁ እንግባባለን።)

የቡድኑ ማነስ የሚመጣውም ከዚሁ ከዋሻው ሰዓት ነው። “ትንሽ ቡድን” ሲባል ሰዎች የምቾት ጉዳይ ይመስላቸዋል፤ ሰፊ ወንበር፣ ብዙ መስተንግዶ፣ ከፍ ያለ ዋጋ። እኔ የማየው ቀዳዳውን ነው። ጆን ግሬይ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የጀመረው የታንኳ ጉብኝት እስከ ዛሬ በዚያው መልክ ይሠራል፤ በአንድ ታንኳ ሁለት እንግዳና አንድ ቀዛፊ። በጠባቡ ቦታ በአንድ ጊዜ የሚያልፈው አንድ ታንኳ ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ እንያዝ። ስምንት ሰው አራት ታንኳ ነው፤ በሩብ ሰዓት ሁሉም ውስጥ ናቸው። ሠላሳ ሰው አሥራ አምስት ታንኳ ነው፤ ለመግባት 45 ደቂቃ፣ ለመውጣት 45 ደቂቃ። የመጨረሻው ሲገባ የመጀመሪያው መውጣት አለበት፣ ቀዳዳው ደግሞ ለሁለቱ አይበቃም። ይህን እያወቀ በትልቅ ጀልባ ሰው ጭኖ የሚመጣ ኩባንያ ሞልቷል። ሒሳቡን የሚያስተካክለው ዋሻውን በመዝለል ወይም እንግዳውን በደጃፉ አዙሮ በመመለስ ነው።

ብዛት ቦታውንም ይጎዳል። በፊፊ ደሴቶች ያለው ማያ የተባለው የባሕር ዳርቻ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 የተዘጋው በጎብኚ ብዛት ኮራሉ ስለተጎዳ ነው፤ እንደገና የተከፈተው በጥር 2022 ሲሆን ጀልባ ከፊት ለፊት እንዲጠጋ አይፈቀድም። ሆንጎቹ ከዚያ ያነሱ ናቸው። አንድ ሰው ሲጮህ ገደሉ ድምፁን መልሶ መላልሶ ያስተጋባዋል፤ ጦጣዎቹ ይሸሻሉ፣ በመተላለፊያው ጣሪያ ላይ የተንጠለጠሉት የሌሊት ወፎች ይረበሻሉ። ዝም በሉ ብሎ ስምንት ሰው ማሳመን ይቻላል። ሠላሳ ሰው ዝም ሲል ያየሁት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻ ነው፣ እሱም ሁልጊዜ አይደለም።

አብዛኞቹ እንግዶቼ የደጋ ልጆች ናቸው፤ ዋና አይችሉም። ይህን ማንም በገዛ ፈቃዱ አይናገርም፤ ስለዚህ አልጠይቅም። ከዋሻው በፊት ጥልቀት የሌለው የባሕር ዳርቻ ላይ እናቆምና ሁሉም ላይፍ ጃኬቱን ለብሶ እስከ ደረቱ እንዲገባ፣ ከዚያ እግሩን እንዲያነሳ አደርጋለሁ። ጃኬቱ እንደሚይዘው አንድ ጊዜ ሰውነቱ ካወቀ የቀረው ጭንቀት በግማሽ ይቀንሳል። በታንኳ አሰላለፍ ላይ ደግሞ የፈራውን ሰው መጨረሻ አላስቀምጥም። መጨረሻ ላይ ያለ ሰው የፊተኞቹ ድምፅ ጨለማው ውስጥ ሲጠፋ ይሰማዋል፣ ያ ብቻውን ያስፈራል። ሁለተኛው ታንኳ ላይ አደርገዋለሁ፤ ከፊቱም ከኋላውም ሰው አለ።

ውስጥ የሚያዩትን ለራሳቸው እተውላቸዋለሁ። የሚሰማቸውን ግን አንድ በአንድ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ፦ ድንገት ይቀዘቅዛል፤ የሌሊት ወፍ ኩስ ይሸታል፤ መሐል ላይ ምንም ብርሃን የለም፤ ቀዛፊው “ተኙ” ሲል ወዲያው መተኛት ነው፤ እጅ ከታንኳው ጠርዝ አይወጣም፣ ጣሪያው ላይ የተጣበቀው የኦይስተር ዛጎል እንደ ምላጭ ይቆርጣልና። ባትሪ የሚያበራው ቀዛፊው ነው። አንዲት ትልቅ እናት በአንድ ጉዞ እጄን ይዘው፣ “ልጄ፣ ከገባን በኋላ ቢዘጋብንስ?” አሉኝ። “እማማ፣ የሚዘጋበትን ሰዓት ስለምናውቅ ነው አሁን የምንገባው” አልኳቸው። መልሱ አጥጋቢ እንዲሆን እውነት መሆን አለበት፤ ሰዓቱን የማያውቅ መሪ ይህን ዓረፍተ ነገር ሊናገረው አይችልም። መግባት ያልፈለገ ሰው ጀልባው ላይ ይቀራል፤ አይለመንም፣ አይቀለድበትም። ከዋሻ የተመለሱት ሲያወሩ ቅር እንዳይለው እኔም አብሬው የምቀርበት ጊዜ አለ።

ቅሬታ የሚነሳው በውሃው ቀለም ነው። ብሮሸሩ ላይ ያለው ሰማያዊ ውሃ ብዙ ጊዜ የፊፊ ነው። የፋንግ ንጋ ውሃ አረንጓዴና ድፍርስ ነው፤ ወንዞች ደለል ያመጡበታል፣ ዳርቻውን የማንግሮቭ ደን ከቦታል። ዓሣና ሽሪምፕ የሚፈለፈሉት እዚያ ጭቃ ውስጥ ነው፤ ለዓሣ አጥማጁ ድፍርሱ ውሃ በረከት ነው። ይህን ገና ወደብ ላይ ሳለን እናገረዋለሁ፣ ቢያንስ እኔን አታለልከን እንዳይሉኝ።

ካኦ ፒንግ ካን የተባለው ደሴት ላይ ብዙ አልቆይም። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የጄምስ ቦንድ ፊልም ዝነኛ አደረገው፤ ከፊቱ ያለው 20 ሜትር ያህል የሚረዝመው ቀጭን ድንጋይ፣ ኮ ታፑ፣ ከግርጌው የቀጠነ ስለሆነ ጀልባ እንዳይጠጋው ከ1998 ጀምሮ ተከልክሏል። ፎቶ ለማንሳት ሩብ ሰዓት ይበቃል፤ ቀሪው የመታሰቢያ ዕቃ ሻጭ ነው። ሕዝብ በበዛበት ቀን ከሩቅ አሳይቼ ባልፈው አይቆጨኝም።

ምሳ ግን ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ኮ ፓንዪ በምሰሶ ላይ ባሕሩ መሐል የተሠራ የሙስሊም ዓሣ አጥማጆች መንደር ነው፤ መስጊድ አለው፣ ልጆቹ እ.ኤ.አ. በ1986 በእንጨት ጣውላ ውሃው ላይ በሠሩት የእግር ኳስ ሜዳም ይታወቃል። ለሙስሊም እንግዶቼ ምግቡ ሐላል ስለሆነ ችግር የለም። ጭንቁ ረቡዕና ዓርብ ነው። “አትክልት ብቻ” ብለው ያዘዙት ሳህን ይመጣል፣ ያየው ሁሉ ደስ ይለዋል፣ ግን ድስቱ ውስጥ የዓሣ ሶስ አለ። ለታይላንዳዊ አብሳይ የዓሣ ሶስ ጨው ነው፤ ዓሣ መሆኑ ትዝ አይለውም። ስለዚህ ከዋዜማው ደውለን ሶሱንም፣ የሽሪምፑን ድልህም፣ እንቁላሉንም በስም እየጠራን እናስወጣለን። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለእንግዶቹ እተወዋለሁ፤ የእኔ ግዴታ ሳያውቁ እንዳይበሉ ማድረግ ነው።

መቅረትም የሥራው አካል ነው። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባሕሩ በአብዛኛው ሰላም ነው፤ በፈረንጆቹ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው ዝናምና ነፋስ ይነግሣል። ሰላጤው በደሴቶችና በየብስ የተጠለለ ስለሆነ በክረምቱም ይሠራበታል፣ ይህ ግን ያዘናጋል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 2018 የማዕበል ማስጠንቀቂያ በወጣበት ቀን ከፉኬት ደቡብ፣ በክፍቱ ባሕር ላይ የቱሪስት ጀልባ ሰጥሞ 47 ሰዎች ሞተዋል። ካፒቴኑ ዛሬ አልወጣም ካለ አልከራከርም፤ ሌላ ካፒቴንም አልፈልግም። አንድ እንግዳ “ይሄን ሁሉ መንገድ መጥቼ!” ብሎ ሲቆጣ እሰማዋለሁ፤ ገንዘቡን እመልስለታለሁ።

እናንተም በራሳችሁ የምትሄዱ ከሆነ፣ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁት፦ “ዋሻው የምንገባው ስንት ሰዓት ነው?” ቀኑን ጠይቆ፣ ሠንጠረዥ አይቶ ከመለሰላችሁ ክፈሉት። ለሰኞም ለዓርብም ያው ሰዓት ከነገራችሁ ወደ ሌላ ሻጭ ሂዱ።