ከአፋፍ ላይ የተነሣ ፎቶግራፍ

የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ፎቶግራፍ በየግድግዳው ተሰቅሏል፤ አብዛኛው ከአፋፉ ላይ፣ ወደ ጣሪያው መስቀል ቁልቁል የተነሣ ነው። ቅርጹ የተዋጣለት፣ ይዘቱ ግን ጎደሎ ነው፤ ከላይ ወደ ታች የተፈለፈለ ሕንፃ ቁመቱ የሚታወቀው በጠባቡ ቦይ ወርደው ከሥሩ ሲያንጋጥጡ ነውና። ሌላም ትዝብት አለኝ። ካሜራው ቤተ ጊዮርጊስን የሙጥኝ ያለው ስለ ውበቱ ብቻ አይመስለኝም፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ዝናብ ለመከላከል ከተተከሉት አራት ግዙፍ መጠለያዎች አንዱም ስላልጋረደው ጭምር ነው። ቤተ መድኃኔ ዓለምን የሚያነሡትማ ምሰሶውን ለመደበቅ ስንት ጊዜ ይጎነበሳሉ! ወደ አሸተን ማርያም በእግሩ የሚወጣ አንሺ ዳገቱ ላይ ዞር ቢል፣ ማሳው፣ መንደሩና መጠለያው ባንድነት ይገቡለት ነበር። እንዲህ ያለውን ሥራ በዐውደ ርእዮቻችን ገና እጠብቃለሁ።