የስንደዶ ሒሳብ

ደብረ ማርቆስ ገበያ ከተዘረጋው ስፌት መካከል አንድ የአለላ ሰፌድ አንሡና መሐሉን አትኩራችሁ እዩት። ኧረ ምን ዓይነት ጉድ ነው! ከትንሽ ጣት ጫፍ የማትበልጥ ቋጠሮ ትነሣለች፣ ትጠመዘዛለች፣ ትዞራለች፤ ድንገት 8 ጫፍ ያለው ኮከብ ይፈነዳል። ጫፎቹ ደግሞ እኩል! የሰፋችው ሴት ኮምፓስ የላትም፣ ማስመሪያ የላትም፣ ወረቀት ላይ የነደፈችው ነገር የለም። ያላት ወስፌ፣ ውሃ የነካው ሰበዝና ጣቷ ነው።

ሒሳቡ የገባኝ ጊዜ ብቻዬን ሳቅሁ። ስፌት ከመሐል ተነሥቶ በራሱ ላይ እየዞረ የሚሄድ ነገር ነው። የታሰረው የሳር ጥቅል ውፍረት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ እያንዳንዱ ዙር ከቀደመው በ3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ዙሩ ሲረዝም ጥምጥሙ ይበዛል፤ የበዛው ጥምጥም ለ8ቱም ጫፎች እኩል መድረስ አለበት። ቀዩ የት ያልቃል? አረንጓዴው የት ይገባል? አንዷ ጫፍ ትንሽ ከተዛባች ጥፋቱ ከዙር ዙር እየሰፋ ጠርዙ ላይ አደባባይ ይወጣል፤ በወስፌ የተወጋ ሳር ደግሞ እንደ ሹራብ ተተርትሮ እንደገና አይጀመርም። መሶብ ሲሆንማ ወለሉ ላይ የነበረው ቁጥር ግድግዳ ይወጣል፣ ክዳኑ ላይ ደግሞ እየጠበበ ተመልሶ ይሰበሰባል። ወይ ግሩም!

ይህ ሁሉ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ያለ መጽሐፍ ነው። ልጅቱ መጀመሪያ ሰበዝ ትነክራለች፤ ከዚያ ትንሽ ሙዳይ ትጀምራለች፤ እናቷ የጠመመውን ዙር ነካ አድርጋ ታሳያታለች። አለቀ። ከሙዳዩ ወደ ሰፌዱ፣ ወደ እንቅቡ፣ ወደ ሌማቱ፣ ቆዳ ወደሚለብሰው አገልግል።

በምሥራቅ ጎጃም ልጃገረዶች ለዘመን መለወጫ እንግጫ ሊነቅሉ ሜዳ ይወጣሉ፤ ስፌት የሚሰፋባቸው የስንደዶና የአክርማ ሳሮች ለቀማም ወራቱ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ስፌት ጠፋ በተባለ ቁጥር የሚወቀሰው ፕላስቲክ ነው። ይወቀስ፣ ግድ የለም። እኔን ይበልጥ የሚያሰጋኝ ግን ማረሻው ነው። እነዚህ ሳሮች የሚበቅሉት በግጦሽ መሬትና በማሳ ዳር ነው፤ የጎጃም መሬት ጠቧል፣ የማሳው ዳር ለጤፍ ታርሷል፣ የተረፈው ላይ ባሕር ዛፍ ቆሟል። ልጅቱ መማር ብትፈልግስ ሰበዙን ከየት ታመጣዋለች? ስለ ባህል ጥበቃ በሚደረግ ስብሰባ ሁሉ ስለ ሳር የሚናገር ሰው ቢኖር እንዴት ደስ ባለኝ።

ሩዋንዳውያን አጋሰኬ የሚሉትን ስፌታቸውን በአገራቸው ዓርማ ላይ አስቀምጠውታል። (እኛ መሶባችንን ሆቴል ግድግዳ ላይ ሰቅለን አቧራ እናስጠጣዋለን።)

ሰፌድ ስትገዙ አንድ ነገር ፈትሹ። ስፌቱ እየዞረ ስለሚወጣ አንዱ ዙር አልቆ ሌላው የሚጀምርበት ቦታ ላይ ቀለሙ ደረጃ መሥራቱ አይቀርም። ያን ደረጃ ፈልጉት። የጎበዝ ሰፊ እጅ ከሆነ ሰፌዱን ደጋግማችሁ ታዞሩታላችሁ፤ ሻጯም ትስቅባችኋለች፤ እናንተም አታገኙትም። እንግዲህ የጠራችውን ዋጋ ክፈሉ!